ያውቁ ኖሯል? ዳገት የሚያበረታው ሠራዊት፣ ብርድ የማይነካው ዘር

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ምኒልክ በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው ጌም ውስጥ ሲገቡ ምን ችሎታ እንደተሰጣቸው ያውቁ ኖሯል? ዳገት! ሠራዊታቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 የብርታት ነጥብ ይጨመርለታል። ኮረብታ ላይ የቆረቆሩት ከተማ ደግሞ ከሚያፈራው የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል ሳይንስና ባህል ይመረቅለታል። በዚህ ሒሳብ ደጋዋ ደባርቅ አትራፊ ናት። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው የሚያገኟት ዛሪማ ግን ቆላ ላይ ስላለች ባዶ እጇን ትቀራለች። ያው ሕዝብ፣ ያው ቋንቋ፤ ልዩነቱ ቁልቁለቱ ብቻ።

ለገጸ ባሕርይ ችሎታን በቁጥር የሚያድሉ ጌሞች አባት ግን ኮምፒውተር አያውቅም ነበር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን በ1974 ሲያወጡ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነበር። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልህነት፣ ጥበብ፣ ግርማ ሞገስ፤ ለእያንዳንዳቸው 3 ዳይስ ይጣላል። ያልቀናው 3፣ የቀናው 18 ይዞ ሕይወት ይጀምራል።

በዚያው የ1974 ሕግ ተጫዋቹ ሊመርጠው የሚችለው የድንክዬዎች ዘር ልዩ ተሰጥኦ ምን ነበር ቢሉ፣ ከመሬት በታች ያለ መተላለፊያ ማዘንበሉን ማወቅ! ሌላው ሳያውቀው ቁልቁል ሲወርድ ድንክዬው ይነቃል። ይህን ተሰጥኦ የሊማሊሞ ሾፌሮች ያለ ዳይስ ይዘውታል፦ ኩርባው ሳይታይ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ የፍሬን ሸራ ሽታ ሲመጣ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ለመዝለል ይሰናዳል።

በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» የተባለ የኮምፒውተር ጌም ደግሞ ችሎታ የሚያድገው በመሥራት ነበር። የሮጠ ሩጫው ይጎለብታል፣ የዘለለ ዝላዩ። ተጫዋቾቹም መንገዱን ሁሉ እየዘለሉ መሄድ ጀመሩ፤ የዓለም አዳኝ የተባለው ጀግና ገበያ መሐል እንደ ፌንጣ ሲነጥር መዋሉ የተለመደ ነበር። በ2011 የመጣው የዚያው ተከታታይ ጌም «ስካይሪም» ሩጫንና ዝላይን ከችሎታ መዝገቡ ሰርዞ 18 ችሎታዎች ብቻ አስቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ አበላሹት። ዳገት የሚኖር ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ሩጫን መጨረሻ ነበር የሚሰርዘው።

«ስካይሪም» 10 ዘሮች አሉት። ኖርዶች የብርድ ጥቃትን በ50 በመቶ ይቋቋማሉ፣ ብሬቶኖች አስማትን በ25። ኻጂቶች በጨለማ ያያሉ። አርጎኒያኖች ውሃ ውስጥ ይተነፍሳሉ። ምርጫ ካለዎት ለደባርቅ ሌሊት ኖርድን፣ ለዛሪማ ክረምት መርዝንም በሽታንም በ50 በመቶ የሚቋቋመውን የጫካ ኤልፍ ይውሰዱ።

የእውነተኛውስ ሰው? በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ይህን የሚያካክሱት ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ አድርገው ነው። የቲቤቶች ሄሞግሎቢን ብዙም አይጨምርም፤ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን ግን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ። ባሕር ዳርቻ ተቀምጠው የሚለኩ ይመስል ነበር! ሦስት ተራራ፣ ሦስት መላ። የጌም ሠሪ ቢሆን «የኢትዮጵያውያን ዘር ተሰጥኦ» ብሎ ለሁላችንም ባደለን ነበር፤ የተጠናው ግን ከፍታ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ወባም እንዲሁ ነው። «ቫይቫክስ» የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለመግባት በዋናነት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። የምዕራብ አፍሪካ ሰው አብዛኛው ሕዋሱ ላይ ይህ ፕሮቲን ስለሌለ ቫይቫክስ እምብዛም አይደፍረውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን ይኖራል፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋናው ወባ ነው። «አፍሪካዊ» የሚል አንድ ዘር ፈጥሮ አንድ ተሰጥኦ የሚለጥፍ ጌም ዛሪማ ላይ በአጎበር ማደር ግድ ይሆንበታል።

ወደ ጌሞቹ ስንመለስ፣ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ2015 ኢትዮጵያን ሲጨምር ቀስተኞቿን 18 በመቶ ፈጣን ተኳሽ አደረጋቸው፤ የዘመቻዋንም ታሪክ በዮዲት ስም ሰየመ። የተከታታዩ ሦስተኛ ጌምም በ2021 ኢትዮጵያን ሲጨምር «ሴባስቶፖል»ን አመጣ። እውነተኛው ሴባስቶፖል ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎትቷል። ጌሙ ላይ ማውዙን አንዴ ጠቅ ማድረግ ይበቃል።

በመጨረሻም «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ2024 መጽሐፉ የጉልበትና የጥበብ ጭማሪውን ከዘር ላይ አንስቶ ለአስተዳደግና ለሙያ እንደሰጠ ያውቁ ኖሯል? ገበሬ፣ ወታደር፣ መርከበኛ፣ ጸሐፊ እያለ 16 ይቆጥራል። መንገድ መሪም አለበት፤ ጭማሪውን የሚያገኘው በቅልጥፍና፣ በጽናትና በጥበብ ነው። የደባርቅ አስጎብኚዎች ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። የጎብኚውን ጓዝ ጭኖ ከኋላቸው የሚመጣው በቅሎ ነጂ ግን ከ16ቱ ውስጥ የለም።