445፦ ዋናክራይ የገባበት በር

አንድ ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻው አንድ ቢሆንም በሮቹ ብዙ ናቸው። ከ0 እስከ 65535 የሚቆጠሩት እነዚህ በሮች ፖርት ይባላሉ፤ 443 ለተመሰጠረ ድረ ገጽ፣ 445 ደግሞ ዊንዶውስ ፋይልና ፕሪንተር ለሚያጋራበት አገልግሎት ያገለግላሉ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተሰኘው ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን የተዛመተው በ445 ነበር። ማይክሮሶፍት በዚህ አገልግሎት የነበረውን ክፍተት የሚደፍን ዝማኔ ያወጣው ከሁለት ወር አስቀድሞ ነው። ካልጫኑት ብዙዎቹ ፋይላቸው ተቆለፈባቸው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ።

ጥበቃው የሚጀምረው የተከፈተውን በር ከማወቅ ነው። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ኔትስታት የተባለው ትእዛዝ ከ-a ጋር (netstat -a) ሲሰጥ፣ «ሊስኒንግ» የሚል የተጻፈበት መስመር ሁሉ እንግዳ የሚጠብቅ ፖርት ነው።

የማያስፈልገው አገልግሎት ይጥፋ። 445 ከኢንተርኔት በኩል በፋየርዎል ይታገድ፤ ከሩቅ ሆኖ ፋይል መክፈት ግድ የሚለው ሠራተኛ በቪፒኤን ይግባ።