ልጅ ወደ ቢሮ ሲጠራ የእናት የሥራ ሰዓት ስንት ይሆናል?

ከሮቫ ዩድ-አሌፍ ጧት ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ሁሉ እኩል አይነሣም። ጎህ ሳይቀድ የሚወጡት ቢሮ የሚያጸዱ እናቶችና የሕንፃ በር የሚጠብቁ አባቶች ናቸው። ከነጋ በኋላ ደግሞ ላፕቶፕ በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች ወደ ዓድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ያመራሉ። የመነሻ ሰዓታቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ በቴል አቪቭ ወይም በዙሪያዋ ያለ የቢሮ ሕንፃ።

ኮሮና ከመጣ ወዲህ ግን ይህ የጧት ጉዞ እንደ ድሮው አልሆነም። ልጆች አንዳንድ ቀን ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ቀን ቤት ይውላሉ። «ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «አለኝ፤ ከቤት ነው የምሠራው» የሚል መልስ ይሰማል። አሁን ደግሞ ብዙ አሠሪዎች «ወደ ቢሮ ተመለሱ» ማለት ጀምረዋል።

ይህ ጥሪ የሚመለከተው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ልጅ ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ልጁ በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ እንደሚገባ ሲወሰን፣ ቢሮውን የሚያጸዱት እናት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩም አብሮ ይወሰናል። ልዩነቱ፣ ለልጁ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ለእናት ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

ቢሮዎች እንዴት ባዶ ሆኑ?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው ማርች 11 ቀን 2020 ነው። የእስራኤል መንግሥት ወዲያው ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ጥቂት ቀናት ቆይቶም አብዛኞቹ የግል ድርጅቶች ከሠራተኞቻቸው 30 በመቶውን ብቻ በሥራ ቦታ እንዲያቆዩ አዘዘ።

በዚያን ጊዜ ሠራተኛው በሁለት ተከፈለ። ሥራው በኮምፒውተር የሆነው ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ደሞዙም ቀጠለ። ሥራው በእጁና በእግሩ የሆነው ግን መጥረጊያውን ወይም የበር ጥበቃውን ቤቱ ይዞ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ሐላት ተላኩ። ሐላት ማለት ደሞዝ የሌለው ፈቃድ ነው፤ ሠራተኛው ከሥራ አልተባረረም፣ አሠሪው ግን አይከፍለውም። በአፕሪል 2020 በአገሪቱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የተመዘገበው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

ለእነዚህ ሠራተኞች ቢቱዋሕ ለኡሚ የሥራ አጥነት ክፍያ ሰጠ። ዕድሜያቸው ከ67 በላይ የሆኑት ይህ ክፍያ ስለማይገባቸው፣ ከሥራ የቀሩት በወር እስከ 4,000 ሸቀል የሚደርስ ልዩ ድጎማ ተፈቀደላቸው። በወረርሽኙ ምክንያት የመጣው የሐላት ልዩ አሠራር ለአብዛኛው ሠራተኛ በጁን 2021 መጨረሻ ላይ አበቃ።

ክትባቱ በዲሴምበር 2020 ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ቢሮዎች ሲከፈቱ፣ ሰው ሁሉ አልተመለሰም። ብዙ ድርጅቶች በዕብራይስጥ «ሂብሪዲ» የሚባለውን አሠራር ያዙ። ቃሉ ድብልቅ ማለት ነው፤ ጤፍና ስንዴ ተደባልቆ አንድ እንጀራ እንደሚወጣው፣ ጥቂት ቀን ከቤት ጥቂት ቀን ከቢሮ ሆኖ አንድ ሥራ ይሠራል።

በእስራኤል ደግሞ ቢሮን ባዶ ያደረገው በሽታ ብቻ አይደለም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሮኬት በሚወድቅባቸው ከተሞች፣ አሽዶድን ጨምሮ፣ ብዙ ሰው እንደገና ከቤት ሠራ። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው የ12 ቀን ጦርነት መጀመሪያ ላይም የአገር ውስጥ ግንባር ዕዝ፣ ማለትም ፒኩድ ሃዖሬፍ፣ ከአስፈላጊ የሥራ ቦታዎች በስተቀር ሁሉም እንዲዘጋ አዘዘ። ማማድ ባለበት ቤት ያቺው ክፍል መጠለያም ቢሮም ሆነች። ስለዚህ እዚህ አገር «ወደ ቢሮ መመለስ» አንዴ ተደርጎ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ደጋግሞ የሚመጣ ነው።

አሠሪ ለምን ይጠራል፣ ሠራተኛ ለምን ይከራከራል?

ክርክሩ የዓለም ሁሉ ነው። ጎግል በአፕሪል 2022 በአሜሪካ ያሉ ሠራተኞቹን በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ወደ ቢሮ ጠራ። ሰዎች ከቤት ሆነው እንዲሰበሰቡ የሚያስችለው ዙም የተባለው ድርጅት ሳይቀር በ2023 በቅርብ የሚኖሩ ሠራተኞቹን በሳምንት ሁለት ቀን ኑ አለ። አማዞን ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹ አምስቱንም ቀን እንዲገቡ ወሰነ። ጎግልና አማዞን በቴል አቪቭም ቢሮ አላቸው፤ የእነሱን እርምጃ የሚከተሉ ትናንሽ ድርጅቶችም ብዙ ናቸው።

አሠሪዎች የሚሰጡት ምክንያት፣ ሰው ጎን ለጎን ሲሠራ ይማማራል፣ ችግርም ቶሎ ይፈታል የሚል ነው። ይህ ለአዲስ ሠራተኛ እውነትነት አለው። በአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከባልደረቦቻቸው አጠገብ የተቀመጡት በሥራቸው ላይ የበለጠ አስተያየትና እርማት እንደሚያገኙ አሳይቷል፤ የበለጠ የተጠቀሙትም ጀማሪዎችና ሴቶች ናቸው። ወላጆቹ ቢሮ ውስጥ ሠርተው ለማያውቁ፣ በሙያው የሚመክረው ዘመድ ለሌለው ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ የቢሮን ወግ የሚማረው እዚያው ቢሮ ውስጥ ሆኖ በማየት ነው።

ሠራተኞችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከአሽዶድ ቴል አቪቭ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ እንደገና አውቶቡስ እየተባለ ጧትና ማታ ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ትንሽ ልጅ ያለው ደግሞ ከመዋያ የሚያመጣለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ አያት ናቸው። በ2024 የታተመ፣ በአንድ የቻይና ድርጅት 1,600 ያህል ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የሠሩት ሥራቸው አልቀነሰም፣ ዕድገታቸውም አልተጓተተም፤ ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥር ግን በአንድ ሦስተኛ ወርዷል።

ልጁ «አልመለስም» ማለት ይችላል?

በእስራኤል ሠራተኛ ከቤት የመሥራት መብት አለው የሚል አጠቃላይ ሕግ የለም። የሥራ ቦታን መወሰን በመሠረቱ የአሠሪው ሥልጣን ነው። ስለዚህ ልጅ ወደ ቢሮ ሲጠራ፣ ወላጆች «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ሊሰጉ አይገባም፤ ቅጣት አይደለም። ከቤት እንደሚሠራ በሥራ ውሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ ግን አሠሪው እንዲሁ በአንድ መልእክት ሊለውጠው አይገባም፤ መነጋገር ያስፈልጋል።

የመጓጓዣ ገንዘብም አብሮ ይመጣል። አሠሪ ለሥራ ጉዞ የሚከፍለው በተጓዙበት ቀን ልክ ነው፤ በ2016 የቀኑ ጣሪያ 22.60 ሸቀል ተደርጎ ነበር። ቤት በተዋለበት ቀን ይህ ክፍያ የለም፤ ወደ ቢሮ የሚገቡበት ቀን ሲጨምር ደግሞ ክፍያውም መጨመር አለበት።

እናትስ?

ከዚህ በኋላ ያለው ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞች ነው። ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በራሱ በቢሮው ድርጅት ሳይሆን በቃብላን ወይም በኮዋሕ አዳም በኩል ነው። ቢሮው ሰው ሲያንሰው ከቃብላኑ የሚገዛውን የጽዳት ሰዓት ይቀንሳል፤ ቃብላኑም የሠራተኛዋን ሰዓት ይቀንሳል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት እናት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ቢሠሩ 20 ሰዓት ይሆናል። ቢሮው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሰው የሚገባበት ሆኖ ሥራቸው ወደ ሦስት ቀን ቢወርድ፣ 12 ሰዓት ይቀራቸዋል። በአፕሪል 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 34.32 ሸቀል ሆኖ ነበር። በሳምንት የጎደለው 8 ሰዓት 274.56 ሸቀል ነው፤ በአራት ሳምንት 1,098 ሸቀል ይደርሳል። ለጡረታ የሚቀመጠውም ገንዘብ ከደሞዝ ላይ ስለሚሰላ አብሮ ይቀንሳል።

ይህ ጉድለት ከዕድሜ ጋር ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል። በ2021 በወጣው ሕግ የሴቶች የጡረታ ዕድሜ ከ62 ቀስ በቀስ ወደ 65 እየወጣ ነው፤ የሚነካውም ከ1960 ጀምሮ የተወለዱትን ነው። ጡረታቸው ሲርቅ ሰዓታቸው የሚያጥርባቸው ሴቶች ከሁለት በኩል ይጎዳሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰዓት የተቀነሰው «ቢሮው ባዶ ነው» ተብሎ ከሆነ፣ ቢሮው እንደገና ሲሞላ ሰዓቱም መመለስ ነበረበት። ሰው በሦስት ቀን ፋንታ አራት ወይም አምስት ቀን ሲገባ ወጥ ቤቱም መጸዳጃውም ይበልጥ ይቆሽሻል። ሰዓቱ ካልጨመረ ግን ያንኑ ሁሉ ሥራ በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው የሠራተኛዋ ጉልበት ነው። የልጆች ወደ ቢሮ መጠራት ለእናቶች ሰዓታቸውን መልሰው የሚጠይቁበት ጊዜ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ነገር ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪ የሥራ ሁኔታን፣ ሰዓትና ደሞዝን ጨምሮ፣ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ለውጥ ሲኖርም እንደዚሁ። ወርሃዊው ትሉሽም የተሠራውን ሰዓት ማሳየት አለበት። ከመቀነሱ በፊት የነበሩትን ትሉሾች አለመጣል ያስፈልጋል። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር መመዝገብም ይጠቅማል፤ በአማርኛ ቢጻፍም ምንም አይደለም።

ሁለተኛው፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። «ሰዓቴ የተቀነሰው ቢሮው ባዶ ስለነበር ነው፤ አሁን ሰው ስለተመለሰ ሰዓቴ ይመለስልኝ» የሚል አጭር መልእክት ልጅ በዕብራይስጥ በዋትስአፕ ጽፎ ቢልክላቸው ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

ሦስተኛው፣ በንዴት «ሥራውን ትቻለሁ» አለማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ያለ በቂ ምክንያት በራሱ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ ለማግኘት 90 ቀን ይጠብቃል፤ የፒጹዪም መብቱንም ሊያጣ ይችላል። ሕጉ የሥራ ሁኔታው በግልጽ የተበላሸበትን ሠራተኛ እንደተባረረ ሊቆጥረው ይችላል። ለዚህ ግን አስቀድሞ ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቆ እንዲያስተካክል ጊዜ መስጠት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት የሕግ ምክር መጠየቅ ይቀድማል።

አራተኛው፣ ሰዓት የተቀነሰበት ሰው የቀድሞ ዘመኑ እንደማይጠፋበት ማወቅ ነው። ፒጹዪም ሲሰላ፣ ከቅነሳው በፊት ያለው አገልግሎት በቀድሞው ደሞዝ፣ ከቅነሳው በኋላ ያለው በአዲሱ ደሞዝ ይታሰባል። የድሮዎቹ ትሉሾች ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛው፣ አሠሪው ሊያሰናብት ቢፈልግ እንኳ መጀመሪያ ሺሙዓ ማድረግ አለበት፤ የሠራተኛውን ቃል መስማት ማለት ነው። የዕብራይስጥ ቋንቋ የሚከብዳቸው ሰው የሚያስተረጉምላቸው ይዘው እንዲገቡ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቃብላኑ አልሰማ ካለ፣ በሩ በዚያ ብቻ አይዘጋም። በ2011 የወጣው የሥራ ሕጎችን አፈጻጸም የሚያጠናክር ሕግ፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አገልግሎት ዘርፍ ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት ራሱ ለሠራተኞቹ መሠረታዊ መብቶች ተጠያቂ የሚሆንበትን መንገድ ከፍቷል። ምክር ለማግኘትም ሂስታድሩት፣ የዝቅተኛ ደሞዝ ሠራተኞችን የሚረዳው ካቭ ላኦቬድ፣ እንዲሁም ከ2000 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን የሕግ እርዳታ የሚሰጠው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት አሉ።

ልጅ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ቢሮ ግቡ ተባልን» እያለ ሲያማርር፣ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ የእናትን ትሉሽ አውጥቶ የሰዓቱን ቁጥር ከኮሮና በፊት ከነበረው ጋር ቢያስተያይ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ጎድሎ ከተገኘ፣ የመጀመሪያውን መልእክት እዚያው ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ይቻላል።