በፍላሽ የሚመጣ ሰነድና የኮምፒውተራችን ዕቃ ቤት

በደብረ ወርቅና በዙሪያዋ ካሉ አጥቢያዎች የልማት ሥራ ሪፖርት ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚደርሰው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በከተማው ካለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ያስጽፋል፤ በሌላው ያሳትማል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ፍላሹን በእጁ ይልካል። በዚህ መካከል ያ ፍላሽ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ የሚያውቅ የለም።

በቅርቡ ከአንድ አጥቢያ የመጣውን ፍላሽ ስንከፍት፣ የምንጭ ማጎልበቻው፣ የደረሰኙና የተረጂዎች ስም ዝርዝሩ ፎልደሮች በየስማቸው ተደርድረው አገኘናቸው። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ምልክት ጥግ ትንሽ ቀስት ነበረች። ፍላሹን ይዘው የመጡት መሪጌታ ቀስቷን ባዩ ጊዜ፣ «ይህች ነገር ዐምናም መጥታብን ነበር። ፍላሹ ተበላሽቷል ተባልንና ፎርማት አስደረግነው፤ የደረሰኙ ፎቶ በዚያው ቀረ» አሉን። በሂሳብ ምርመራ ጊዜ ያ ደረሰኝ ተፈልጎ ያልተገኘበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባን። ይበልጥ ያሳዘነን ግን ፎቶው ፎርማት እስከተደረገበት ሰዓት ድረስ በፍላሹ ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት የሚባል አቋራጭ ያኖራል። ተጠቃሚው ፎልደር መስሎት ሲጫነው በመጀመሪያ ቫይረሱ ይሠራል፤ ቀጥሎም የተሰወረው ፎልደር ይከፈትለታል። ሰውየው የፈለገውን ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም፤ ቫይረሱም ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ፍላሽ ይሻገራል።

ኮምፒውተሩ ይህን ስለምን ይፈቅዳል? በቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤቱን መጽሐፍ ማየት የሚሻ እንግዳ ወደ ዕቃ ቤቱ ዘልቆ አይገባም። አንድ መጽሐፍ ይወጣለታል፤ ሰው ባለበት ተቀምጦ ያያል፤ ይመልሳል። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም አንድን ፕሮግራም እንዲህ ባለ የተከለለ ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ያደርጉታል፤ ክፍሉንም ሳንድቦክስ ይሉታል። በውስጡ ያለው ፕሮግራም ከተሰጠው ሰነድ በቀር ሌላውን መንካት አይችልም። ፎልደሮችን የሚያሳየን፣ ፋይል የሚገለብጥልንና የሚሰርዝልን ፋይል ኤክስፕሎረር ግን እንደ ቄሰ ገበዙ ነው፤ ሁሉንም ካልከፈተ ሥራውን ሊሠራ አይችልምና ቁልፉ ሁሉ በእጁ ነው። እርሱን ያታለለ የክፍሉን ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልገውም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ወርድ ነው። ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል የወረደ ሰነድ ስንከፍት ከላይ ቢጫ መስመር ይወጣና ሰነዱ ለንባብ ብቻ ይከፈታል። ይህ ፕሮቴክትድ ቪው የተባለው ክልል ነው፤ ከኦፊስ 2010 ጀምሮ አለ። ወርድ ሰነዱ ከውጭ የመጣ መሆኑን የሚያውቀው ዊንዶውስ በፋይሉ ላይ ከለጠፈው የማይታይ ምልክት ነው። ይህ ምልክት የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዲስክ አሠራር ላይ ነው። ፍላሾቻችን ግን በአብዛኛው ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ናቸውና ምልክቱን መያዝ አይችሉም። በጽሕፈት ቤቱ ከኢሜይል የወረደ ሰነድ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ምልክቱ ይቀራል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የቤት ሰነድ መስሎ ያለ ክልል ይከፈታል። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ሰነዶች ውስጥ ያሉትን ማክሮዎች የሚያግደውም ያንኑ ምልክት አይቶ ነው። እንግዲህ ሁሉ ነገሩ በፍላሽ ለሚመላለስ እንደ እኛ ላለ ሀገር ይህ ጥበቃ ብዙ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

አንዳንድ ጊዜ መጫን እንኳ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ በፍላሽ ይጓዝ ነበር። ኤክስፕሎረሩ የሾርትከቱን ምልክት ለማሳየት ሲሞክር ብቻ የቫይረሱ ኮድ ይሠራ ነበር፤ ፎልደሩን ከፍቶ ማየት ይበቃል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን ለመድፈን ከመደበኛው ጊዜ ውጭ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ማስተካከያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዊንራር እንዲሁ ያለ ቀዳዳ ተገኘ፤ በታሸገው ፋይል ውስጥ ያለውን ሥዕል ወይም ሰነድ የተጫነ ሰው በዚያው ስም የተሸሸገውን ትእዛዝ ያስነሣ ነበር። ዊንራር 6.23 ይህን አርሞታል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ቅጂ ግን ዛሬም በየቢሮው ሳይኖር አይቀርም።

ሰነድ መስሎ መምጣት ለኢትዮጵያውያንም አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በውጭ ሀገር ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከው ፋይል የስለላ ፕሮግራም እንደነበረ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በተከታዩ የካቲት ገልጧል። በእኛ አጥቢያ የሚሰልል ላይኖር ይችላል። የሙት ልጆችና የመበለታት ስም ዝርዝር ግን በአደራ የተሰጠን ነውና በየጽሕፈት ቤቱ ሲበተን ዝም ልንል አይገባም።

ስለዚህ ውድ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ቀስት ያለበትን ፎልደር ባያችሁ ጊዜ አትጫኑት፤ ፍላሹንም ፎርማት አታስደርጉ። በኤክስፕሎረሩ ቪው ከሚለው ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ብትመርጡ የተሰወረው ሊታይ ይችላል፤ ካልታየም ባለሙያ ሊያወጣው ይችላል። በዚያው ቦታ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውንም ምረጡ፤ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ «ሪፖርት» ሪፖርት አይደለም። የሾርትከት መጨረሻ ግን ይህን መርጣችሁም አይታይም፤ ስለዚህ ቀስቷን መመልከት የግድ ነው። በፍላሽ የመጣ የወርድ ሰነድ ደግሞ ከራሱ ከወርድ «ኦፕን» ሲባል ከቁልፉ ጎን ባለችው ቀስት «ኦፕን ኢን ፕሮቴክትድ ቪው» ተብሎ ሊከፈት ይችላል። የጠፋው ምልክት የሚያደርገውን በእጃችን እንደማድረግ ነው። የደረሰኙ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ በማይውል ሌላ ፍላሽ ይቀመጥ፤ ዋናው ወረቀትም ፎቶ ተነሥቷል ተብሎ አይጣል።

በእኛ በኩል ከኔትወርክ የተለየና የሂሳብ ሰነድ የሌለበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለፍላሽ መቀበያ ለይተናል። ሪፖርት ይዛችሁ ስትመጡ ፍላሹ በዚያ እስኪታይ ጥቂት እንድትቆዩ የምንለምናችሁ ስለዚህ ነው።