ከ5 ወደ 16 በስንት እርምጃ?



ለአረፋ አገና በገባንበት ሰሞን አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፕ አልነበረንም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ግን ነበረን። ጥያቄው ይህ ነው፦ በእጃችሁ ያለው ቁጥር 5 ነው። በአንድ እርምጃ ወይ በ2 ታባዙታላችሁ፣ ወይ 1 ትቀንሱበታላችሁ። 16 ላይ ለመድረስ ቢያንስ ስንት እርምጃ ያስፈልጋል?

አብዛኞቻችን ቶሎ ለመድረስ ብለን አባዛን፦ 5፣ 10፣ 20፤ ከዚያ አንድ አንድ እየቀነስን 16 ደረስን። ስድስት እርምጃ ፈጀ። አንዱ ወንድማችን 5፣ 10፣ 9፣ 8፣ 16 ብሎ በአራት ጨረሰ። ከአራት ያነሰ እንደሌለ ግን በምን እናውቃለን? ፕሮግራም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው በጀፎረ ላይ እንደሚለፈፍ ጥሪ ነው። መጀመሪያ የቅርብ ቤቶች ይሰማሉ፤ ቀጥሎ የእነሱ ጎረቤቶች። ፕሮግራሙም እንዲሁ ይሄዳል፦

1. መነሻውን መዝግቡና ወረፋ ውስጥ አስገቡ፤ እርምጃው 0 ነው።
2. ከወረፋው ፊት ያለውን ቁጥር አውጡ። መድረሻው ከሆነ እርምጃውን ተናግራችሁ አቁሙ።
3. ካልሆነ እጥፉንና በ1 የሚያንሰውን አስሉ። ያልተመዘገበውን ብቻ መዝግባችሁ፣ እርምጃውን በ1 ጨምራችሁ ከወረፋው ኋላ አስገቡ። 0ን ተዉት፤ መድረሻውን ያለፈ ቁጥርም አይባዛ።
4. ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ።

በደብተር ስንሠራው በአንድ እርምጃ 10 እና 4፣ በሁለት እርምጃ 20፣ 9፣ 8 እና 3 ወጡ። 16 ከእነዚህ መካከል የለም። በሦስተኛው እርምጃ ግን 8 ተባዝቶ 16 ሆነ። መንገዱ 5፣ 4፣ 8፣ 16 ነው። ከግቡ የሚያርቅ የመሰለን መቀነስ አጭሩን መንገድ ከፈተ። አንድ እርምጃ የሚወስዱት ሁሉ ሁለት ከሚወስዱት በፊት ስለሚታዩ፣ መጀመሪያ የተገኘው መልስ አጭሩ ነው።

መዝገቡን አትናቁት። 8 ከ4 በማባዛትም ከ9 በመቀነስም ይመጣል። መዝገብ ከሌለ ያንኑ ደግመን እንሠራለን፤ በየእርምጃው ሁለት ምርጫ ስላለም 20 እርምጃ ላይ መንገዶቹ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋሉ።

ወደ ኋላ መሄድም ይቻላል፦ 16 ሲገመስ 8፣ 8 ሲገመስ 4፣ 1 ሲጨመር 5። መግመስና ማጠፍ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባለው ዘዴ አንዱን ቁጥር እየገመሱ ሌላውን እያጠፉ የሚሠራ ነው። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከሠራው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው።

ላፕቶፕ ስለሌላችሁ ፕሮግራሚንግን ለመተው የምታስቡ እህትና ወንድሞች፣ አትቸኩሉ። ወረፋውንና መዝገቡን በደብተሩ የሠራ ተማሪ ከባዱን ክፍል ጨርሷል፤ ላብ ሲገባ የሚቀረው መጻፍ ነው። እስከዚያው ከ7 ወደ 25 በስንት እርምጃ እንደሚደረስ ሞክሩ፤ ኢንሻአላህ ስንገናኝ እናመሳክራለን።