አልዞር ያለ አንገትና የእጅ ሕክምና

ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ አንገትዎ አልዞር ብሎዎት ያውቃል? ሶላት ሲጨርሱ ወደ ቀኝ ያለ ችግር አሰላምተው፣ ወደ ግራ ሲሆን ትከሻዎ አብሮ ካልዞረ እምቢ ይልዎታል? እንዲህ ያለው ሕመም ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ይባላል። በዚህ ወር ስለ መንስኤው፣ በእጅ ስለሚሰጠው ሕክምና እና ስለ ጥንቃቄው እንነግርዎታለን።

አንገት ለምን ይደርቃል?

አንገታችን በ7 አጥንቶች የተሠራ ሲሆን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭንቅላት ይሸከማል። ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መሥራት፣ ከባድ ሸክም፣ የማይስማማ ትራስ፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ እጦትና የዕድሜ መግፋት ጡንቻዎቹን ያደክማሉ፤ መገጣጠሚያዎቹንም ያደርቃሉ።

ችግሩ የቢሮ ሠራተኞች ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ፣ ከጨው ባሕር በስተሰሜን በወይጦ ወንዝ አካባቢ ከብት እያረቡና ማሽላ እያመረቱ የሚኖሩትን አርቦሬዎች እንመልከት። እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ ውኃና እንጨት የመሸከሙ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአካባቢው ወንዶች ደግሞ ቀን እንደ ወንበር፣ ሲተኙ እንደ ትራስ የሚያገለግል ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይይዛሉ። ይህ ለለመደው አንገት ሊስማማ ይችላል። ጠዋት ጠዋት አንገቱ የሚደርቅበት ሰው ግን በርጩማም ይሁን የስፖንጅ ትራስ ከፍታውን ማየት አለበት። ትራስ አንገትን ከጀርባ ጋር ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ሽቅብ መግፋት የለበትም።

የእጅ ሕክምና ምንድን ነው?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ አንገት በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሚዞር ይለካል። ከዚያም ጡንቻውን ያሻል፤ መገጣጠሚያውንም በዝግታ እየደጋገመ በመጫን ያፍታታል። አንዳንዱ በፍጥነት ገፋ አድርጎ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የወለቀ አጥንት የተመለሰ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ድምፁ የሚመጣው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው አየር ነው። እጅ የሚረዳው የሕመም ስሜትን በማብረድና ጡንቻን በማላላት ነው። ይህ እፎይታ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ሳያልፍ አንገትን በራስ እንቅስቃሴ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ጥናቶችም ይህን ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ በ183 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱን ያሳወቀው ከ7 ሳምንት በኋላ ነበር። በእጅ ከታከሙት 68 በመቶ፣ በዋናነት የአካል እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸው 51 በመቶ፣ በጠቅላላ ሐኪም ብቻ ከታዩት 36 በመቶ መዳናቸው ወይም በእጅጉ መሻላቸው ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2 እስከ 12 ሳምንት የቆየ ሕመም ያለባቸውን 272 ሰዎች ተመልክቷል። በእጅ የታከሙት መድኃኒት ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ እቤታቸው እንቅስቃሴ የሠሩት ግን በእጅ ከታከሙት ብዙም አልተለዩም። ባለሙያ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው።

ወጌሻ ጋ ከመሄድዎ በፊት

በገጠር አንገቱ የደረቀ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ወጌሻን ነው። ቀስ ብሎ ማሸት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ግን ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊቀድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ቢሆንም ከባድ ነው። አጥንቱ በነቀርሳ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ጥምዘዛው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ አንገትዎን ማንም እንዳይነካ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ ጂንካ ባለ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይሂዱ፦

• ትኩሳት፣ ትውከትና ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅ ጋር ሲመጣ። ማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሰዓታት ሊፈጅ አይገባም።
• የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና ሌሊት የሚብስ ሕመም።
• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም።
• የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል።
• ድንገተኛ ማዞር፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም የአንደበት መተሳሰር።

እቤትዎ የሚሠሩት

ምልክቶቹ ከሌሉ የሚከተሉትን በቀን ሁለት ጊዜ ይሥሩ፦

1. ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፊትዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ያዙሩ። ሳያስገድዱ 10 ጊዜ ይድገሙ።
2. ፊትዎን ሳያቀረቅሩ አገጭዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ 5 ሰከንድ ቆይተው ይልቀቁ። ይህንንም 10 ጊዜ ይሥሩ።
3. መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው በጭንቅላትዎ ለ5 ሰከንድ በቀስታ ይግፉት፤ ጭንቅላትዎ ግን አይንቀሳቀስ። በጎንና በጎንም እንዲሁ ያድርጉ።

ከመጀመርዎ በፊት ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ አንገትዎ ላይ ለ15 ደቂቃ ቢያደርጉ ይቀልልዎታል። ሸክምዎንም ለሁለት ከፍለው ቢመላለሱ ይሻላል። መጠነኛ የመወጠር ስሜት አያስደንግጥዎ፤ ሕመሙ ወደ እጅ ከወረደ ግን ያቁሙና ይመርመሩ። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካላዩ ሐኪምዎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲልክዎ ይጠይቁ። ባለሙያዎቹ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በአገራችን ይሠለጥናሉ።