ዲስኩ ከመበላሸቱ በፊት

ማንኛውም ዲስክ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። በዚያን ዕለት መረጃችን ይተርፍ እንደሆነ ግን አስቀድመን ልንፈትን እንችላለን። በሊኑክስ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት የሆኑ 3 ፋይሎችን ፈጥረን፣ «ሉፕ» በተባለው ዘዴ እንደ ዲስክ እንዲታዩ አድርገን በሬይድ 5 እናጣምራቸዋለን። ለመረጃ የሚውለው 2 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን ቀሪው ማካካሻ ይይዛል። ማካካሻው የ1ዎቹን ብዛት ተጋማሽ ያደርጋል፤ መረጃው 1 እና 0 ከሆነ ማካካሻው 1 ነው። ከሦስቱ የጠፋውን ከቀሩት ሁለቱ እናሰላዋለን።

አሁን አንዱን ዲስክ ሆን ብለን «ተበላሽቷል» እንበለው፤ ፋይሎቻችን አሁንም ይነበባሉ። ምትክ ስናስገባ የጎደለው እንደገና ይጻፋል። ይህ ሳይጠናቀቅ ሌላው ቢበላሽ ግን መረጃው ይጠፋል። ሦስቱም ያረፉት በአንድ እውነተኛ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ መለማመጃ እንጂ መጠበቂያ አለመሆኑን አንዘንጋ።