የኅብረተሰብ ጤናን በውጭ አገር እያገለገሉ መማር፦ የኤልዶሬት ልምድ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባሕር ተሻግረው እያገለገሉ የኅብረተሰብ ጤናን የሚማሩበት ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ለተጓዡ ተማሪ በሚያስገኘው ጥቅም ነው። ሸክሙ ግን በአመዛኙ በተቀባዩ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ላይ ያርፋል። የዕለት ሥራውን እየተወ ያስተረጉማል፣ ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል፤ እንግዳውም ቋንቋውን ሳይለምድ ይመለሳል።

በኬንያ፣ ኤልዶሬት ከተማ የሚገኘው የሞይ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤትና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያካበቱት ልምድ ለየት ይላል። የሞይ ተማሪዎች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ተመድበው እያገለገሉ መማራቸው የመደበኛ ትምህርታቸው አካል ነው። ከኢንዲያና የሚመጡትም ሥራውን የሚለምዱት ከኬንያውያን አቻዎቻቸው ጋር ነው። የኤልዶሬት ተማሪዎችም በተራቸው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደው ይማራሉ፤ በብዙዎቹ የአጭር ጊዜ ጉዞዎች የሚጎድለው ይኸው ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና የሥነ ምግባር መመሪያ የተቀባዩ ተቋም ወጪ እንዲታሰብ፣ ሠልጣኙም የችሎታውን ወሰን እንዲያውቅ ያሳስባል። በአገሩ መርፌ እንዲወጋ ያልተፈቀደለት ተማሪ ጋውን ስለለበሰ ብቻ በሌላ አገር ሊፈቀድለት አይገባም። የቤት ለቤት ምርመራም፣ ጉዳት የሌለው ቢመስልም፣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ቡድኑ ከሄደ በኋላ ክትትልና መድኃኒት የሚያገኝበት ቦታ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ልኬቱ ለተማሪው ትምህርት፣ ለሰውየው ግን ጭንቀት ብቻ ይሆናል። ተቀባዩ ጤና ጣቢያ ስምምነቱን ከመፈረሙ በፊት የክትትሉ ኃላፊ ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይኖርበታል።